ሦስቱ ጣቶች፤ ስለ ብርዕ አያያዝና ስለ ጸሐፊ እጅ ታሪክ

ስለ መጻሕፍት ታሪክ የሚናገሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የደራሲውን ስም፣ የመጽሐፉን ዕድሜና የብራናውን ጥራት ይመረምራሉ እንጂ፣ ያንን ሁሉ ቃል በብራና ላይ ያኖረችውን እጅ እምብዛም አያስታውሷትም። ነገር ግን ከማተሚያ መኪና አስቀድሞ የነበረ መጽሐፍ ሁሉ፣ ከቅዱስ ወንጌል ዠምሮ እስከ ርስት ውል ድረስ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት በመካከለኛውም ጣት በተያዘ ትንሽ ዘንግ የተጻፈ ነው። ስለዚህ ብርዕ እንዴት ይያዛል ማለት የሕፃናት ጥያቄ ብቻ አይደለም። ሰው ዕውቀቱን ከመረሳት ያዳነበት መሣሪያ ከሥጋውና ከጅማቱ ጋራ እንዴት እንደ ተስማማ፣ ባልተስማማም ጊዜ ምን ያኽል እንደ ጐዳው መጠየቅ ነው። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት፣ የኢትዮጵያ አቈጣጠር መሆኑ ካልተነገረ በቀር፣ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

በ6ኛው መቶ ዓመት በደቡብ ኢጣልያ ካስዮዶሩስ የሚባል ሰው ነበረ። አስቀድሞ በጎቶች ነገሥታት ቤት ታላቅ ባለሥልጣን የነበረ ሲሆን፣ በእርጅናው ዘመን ዓለሙን ትቶ ቪቫሪዩም የተባለውን ገዳም መሠረተ። ለመነኰሳቱ በጻፈው የትምህርት መጽሐፍ ውስጥ ከእጅ ሥራ ሁሉ ይልቅ የጸሐፊዎችን ሥራ አመሰገነ፤ ጸሐፊ ከወንበሩ ሳይነሣ በእጁ ይሰብካልና። ብርዕ በሦስት ጣት መያዙንም አይቶ፣ ይህ ነገር ለቅድስት ሥላሴ ምሳሌ ሊሆን ይችላል ብሎ ተናገረ። ከእርሱ በኋላ የተነሡት የላቲን ጸሐፊዎች ግን በመጽሐፋቸው መጨረሻ ላይ ሌላ ነገር መጨመር ልማድ አደረጉ። የሚጽፉት ሦስት ጣቶች ቢሆኑም ድካሙ የሰውነት ሁሉ መሆኑን፣ ዐይን እንደሚፈዝ፣ ጀርባ እንደሚጐብጥ፣ መጽሐፍ የማይጽፍ ሰው ግን ሥራው ቀላል እንደሚመስለው ለአንባቢው ያስታውቁ ነበር። እንግዲህ ምስጋናውና እሮሮው ከጥንት ዠምሮ አብረው የሄዱ ናቸው።

በቀለም ከሚጽፉት ብርዖች ጥንታዊውና ብዙ አገር ያዳረሰው የመቃ ብርዕ ነው። የግሪክ ሰዎች ካላሞስ ይሉታል፤ ሮማውያን ካላሙስ፣ ዐረቦችም ቀለም አሉት። በኢትዮጵያ ግን ይህ ቃል ከመቃው ወደሚጠቀሰው ውሃ ተሻገረና ቀለም የጥቁሩና የቀዩ ስም ሆነ፤ መሣሪያው ደግሞ ብርዕ ተባለ። ሆኖም የጥንቱ ትርጓሜ ፈጽሞ አልጠፋም። በግእዙ መዝሙረ ዳዊት፣ በ44ኛው መዝሙር፣ አንደበት በጸሐፊ መሣሪያ በተመሰለበት ቦታ የሚገኘው ቃል ቀለም የሚለው ነውና።

የመቃ ብርዕ አያያዝ የሚዠምረው ከአቀራረጹ ነው። ጸሐፊው የደረቀውን መቃ በስለታም ካራ በሰያፍ ይቈርጠዋል፤ ሁለቱን ጐኖቹን ይቀርጻል፤ ቀለሙ የሚወርድበትን ትንሽ ስንጥቅ በመካከሉ ያወጣል፤ በመጨረሻም ጫፉን በአንድ ምት ይመትረዋል። ጫፉ ሰፊ ቢሆን ጕልሕ ጽሕፈት፣ ጠባብ ቢሆን ረቂቅ ጽሕፈት ይወጣዋል። እንዲህ ያለው ብርዕ የሚጽፈው በመጫን አይደለም። ብራናውን በነካ ጊዜ ቀለሙ በስንጥቁ ወርዶ ራሱ ይፈሳል። የሚጫነው ሰው የመቃውን ጫፍ ያደክመዋል፣ ፊደሉንም ያሳብጠዋል። ደግሞም ወደ ታችና ወደ ጐን ሲስቡት በቀና ይሄዳል፤ ወደ ላይ ሲገፉት ግን ይነክሳል፣ ቀለምም ይረጫል። ስለዚህ የመቃ ብርዕ የያዘ እጅ ሳይወድ በግድ ትሕትናን ይማራል፤ ኀይል ካበዛ ሥራው ወዲያው ይመሰክርበታልና።

የግእዝ ፊደል መልክም ከዚሁ አያያዝ የመጣ ነው። የብርዑ ሰፊ ጫፍ ከመስመሩ ጋራ ተስተካክሎ ሲያዝ፣ ከላይ ወደ ታች የተሳበው ቋሚ ወፍራም ይሆናል፤ ከግራ ወደ ቀኝ የተሳበው አግዳሚ ግን ቀጭን ይሆናል። በ1513 ዓ.ም. የኮሎኙ ሰው ዮሐንስ ፖትከን በሮማ ከተማ ከኢትዮጵያውያን መነኰሳት ተምሮ የግእዙን መዝሙረ ዳዊት ባሳተመ ጊዜ፣ ፊደሉ ከእርሳስ ቢቀረጽም ምሳሌው የጸሐፊ እጅ ነበረ። ዛሬም በጋዜጣና በመጽሐፍ በሚታተመው ፊደል ቋሚው ወፍሮ አግዳሚው ቀጥኖ ሲታይ፣ ብርዕ በእጁ ይዞ የማያውቅ አንባቢ እንኳ የመቃውን አያያዝ ዱካ ይመለከታል። ፊደላቱ እንደ ላቲኑ ጽሕፈት እርስ በርሳቸው የማይያያዙ ስለ ሆኑም፣ እጅ በየፊደሉ መካከል ከብራናው ተነሥታ ለጥቂት ጊዜ ታርፋለች።

ኢትዮጵያዊው ቁም ጸሐፊ የሚጽፍበት ጠረጴዛ አልነበረውም። በአጐዛ ወይም በዝቅተኛ መቀመጫ ላይ ተቀምጦ ብራናውን በጕልበቱ ላይ ያኖራል። ቀለሙን የያዙት ቀንዶች በአጠገቡ በመሬት ይተከላሉ፤ አንዱ ለጥቁሩ፣ አንዱ ደግሞ ለቅዱሳን ስምና ለአርእስት ለሚሆነው ለቀዩ ነው። ለየቀለሙም የየራሱ ብርዕ አለው። መስመሩን አስቀድሞ ቀለም በሌለው ወስፌ በብራናው ላይ ያሰምረዋል። በወንጌል መጻሕፍት ውስጥ በየወንጌሉ ፊት የሚሣሉት አራቱ ወንጌላውያን በብዙ ቦታ እንዲሁ ብርዕ በእጃቸው፣ መጽሐፍ በጕልበታቸው፣ ቀለም በአጠገባቸው ሆኖ ይታያሉ። ሠዓሊው ማቴዎስንና ሉቃስን ሲሥል በዐይኑ ያየውን የአገሩን ጸሐፊ አምሳያ አድርጎ ነበርና። እንዲህ የተቀመጠ ሰው ክርኑን በገበታ ላይ ጥሎ፣ አንጓውንም አድርቆ በጣቶቹ ብቻ ሊቈፍር አይችልም፤ ጣት፣ አንጓና ክንድ በአንድነት መሄድ አለባቸው።

ለብርዕ ያለው ፍቅር ምን ያኽል ጽኑ እንደ ነበረ ከሌላው ዓለም የሚነገር አንድ ታሪክ ያስረዳል። በ10ኛው መቶ ዓመት ኢብን ሙቅላ የሚባል ሰው በባግዳድ ለሦስት ኸሊፋዎች ዋና ሹም ሆኖ ነበር። የዐረብኛ ፊደል መጠን በብርዑ ጫፍ በሚወጣ ነጥብ ይለካ ዘንድ ሥርዐት ያወጣ እርሱ ነው ይባላል። ኋላ ግን በሹማምንት ጠብ ምክንያት ታስሮ ቀኝ እጁ ተቈረጠ። ከዚያም በኋላ መጻፍን አልተወም፤ ብርዑን በተቈረጠው ክንዱ ላይ እያሰረ ይጽፍ ነበር ተብሎ ይተረካል። በ940 ዓ.ም. በወህኒ ሞተ። ይህ ታሪክ አሳዛኝ ቢሆንም አንድ ነገር ይገልጣል። የጽሕፈት ዕውቀት በጣቶች ጫፍ ብቻ የተቀመጠ ሳይሆን፣ ከትከሻ ዠምሮ የሚወርድ የክንድ ሁሉ ልማድ ነው።

በኤውሮጳ ከመቃው ጋራ የላባ ብርዕ ገባ። በ7ኛው መቶ ዓመት መዠመሪያ የሴቪልያው ጳጳስ ኢሲዶሩስ የጸሐፊን መሣሪያዎች ሲዘረዝር ሁለቱን፣ መቃውንና ላባውን፣ አንድነት ይጠራል። የዝይ ላባ ከመቃ ይልቅ የሚለዝብና ረቂቅ ጽሕፈት የሚያወጣ ስለ ሆነ ቀስ በቀስ ገነነ። ለቀኝ እጅ ጸሐፊ ከዝይቱ ግራ ክንፍ የተነቀለው ይመረጥ ነበር፤ ጕብጠቱ ከዐይኑ ወደ ውጭ ስለሚያዘነብል ነው።

ማተሚያ ከተገኘ በኋላ በመጽሐፍ ሥራ የሚኖሩ ጸሐፊዎች አነሱ፤ ነገር ግን ደብዳቤ የሚጽፉ ነጋዴዎችና ሹሞች በዙ። ያን ጊዜ ከመምህር አጠገብ ተቀምጦ በማየት ይወረስ የነበረው ሙያ በመጽሐፍ ይገለጥ ዘንድ አስፈለገ። በሮማ የፓፓው ጸሐፊ የነበረው ሉዶቪኮ አሪጊ በ1522 ዓ.ም. ትንሽ የጽሕፈት መማሪያ አዘጋጀ። በ1540 ዓ.ም. ደግሞ፣ ኋላ በዓለም ካርታ ሥራው የታወቀው ጌራርዱስ መርካቶር ስለ ኢጣልያ ጽሕፈት ባሳተመው መጽሐፍ የእጅን ሥዕል አስቀርጾ፣ ብርዕ እንዴት እንደሚያዝ በግልጥ አስተማረ። ባሕርንና የብስን የለካ ሰው የሦስት ጣቶችን አቀማመጥ ለመለካት አለማፈሩ ሊመሰገን ይገባዋል።

ብርዕን በክፉ መያዝና ያለ ዕረፍት መጻፍ የሚያመጣውን ጕዳት ግን አስፍቶ የገለጠ ኢጣልያዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ ነው። ይህ ሰው በ1700 ዓ.ም. ስለ ሠራተኞች ሕመም የጻፈውን መጽሐፍ በ1713 ዓ.ም. አስፍቶ ሲያሳትም ስለ ጸሐፊዎች ሕመም አንድ ክፍል ጨመረ። የሕመማቸውንም ምክንያት ሦስት አድርጎ ቈጠረው፤ ያለ ዕረፍት መቀመጥ፣ እጅን ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ማንቀሳቀስ፣ እንዳይሳሳቱም የልብ ጭንቀት ናቸው። የሚያውቀውን የአንድ ውል ጸሐፊ ነገርም ተርኳል። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ በመጻፍ የኖረ ሲሆን፣ አስቀድሞ ቀኝ ክንዱ ይዝለው ዠመር፤ ምንም መድኀኒት ሳይረዳው ቀርቶ በመጨረሻ እጁ ፈጽሞ አልታዘዝ አለው። እንጀራውን ላለማጣት በግራ እጁ መጻፍ ለመደ። ነገር ግን ጥቂት ጊዜ ከቈየ በኋላ ያው ሕመም ግራ እጁንም ያዘው። የዚህን ሰው ታሪክ የሚያነብ ሁሉ አንድ ነገር ያስተውላል። ሰውየው እጁን ለወጠ እንጂ አጻጻፉን አለወጠም።

በ1820 ዎቹ በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ የብረት ብርዕ በመኪና በብዛት ይሠራ ዠመር። ርካሽና ጽኑ ስለ ሆነ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መሥሪያ ቤቶችን ሁሉ ሞላ። ጫፉ የማይደክም ስለ ሆነ ግን ሰው ቢጫነው አይገሥጸውም፤ መቃውና ላባው ይሰጡት የነበረው ማስጠንቀቂያ ቀረ። ብዙ ሳይቈይ በለንደን መሥሪያ ቤቶች የሚሠሩ ጸሐፊዎች እጃቸው እየተኰማተረ መጻፍ ተሳናቸው፤ በ1830 ዓ.ም. ሐኪሙ ቻርልስ ቤል ሕመሙን ገልጦ ጻፈ። እኩሌቶቹ ሰዎች ጥፋቱን በብረቱ ላይ አደረጉ። በ1880 ዎቹ ግን ስለ ጅማት ሕመም የታወቀው ዊልያም ጋወርስ የአጻጻፉን መንገድ መረመረ። እጃቸውን በአንጓ ወይም በትንሿ ጣት ላይ ተክለው ጣቶቻቸውን ብቻ የሚያንቀሳቅሱ ሰዎች ሕመሙ ይይዛቸዋል፤ ክንዳቸውን ከትከሻ ዠምረው በነጻነት የሚያንቀሳቅሱት ግን ይድናሉ ብሎ አስተማረ። በአሜሪካም በ1894 ዓ.ም. አስቲን ፓልመር ለንግድ ቤት ጸሐፊዎች ያሳተመው መማሪያ፣ ክንድ በገበታው ላይ በለሰለሰው ሥጋው ዐርፎ ይሂድ፣ ጣትም ብርዑን ይምራ እንጂ አይግፋው በማለት ይህንኑ መንገድ ለብዙ ትምህርት ቤቶች አዳረሰ።

በኢትዮጵያ ንባብና ጽሕፈት ሁለት ልዩ ልዩ ሙያዎች ነበሩ። ተማሪ ፊደል ቈጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ዜማና ቅኔ አውቆ፣ መጻሕፍትንም እስኪተረጕም ድረስ ብርዕ ሳይዝ ሊኖር ይችል ነበር። ጽሕፈት የሚወድ ግን ወደ ቁም ጸሐፊ ሄዶ ብራና መፋቅን፣ ቀለም መበጥበጥን፣ ብርዕ መቅረጽን ይለምዳል፤ አያያዙንም ከመምህሩ እጅ አይቶ ይወርሳል። ታላላቆች ሰዎችም ደብዳቤያቸውን በቃል ተናግረው ያስጽፉና በማኅተም ያጸኑት ነበር እንጂ በእጃቸው አይጽፉትም ነበር። የጸሐፌ ትእዛዝ ማዕርግ በቤተ መንግሥት የከበረው ስለዚህ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. እንደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር ሚኒስትሮችን ሲሾሙም የጽሕፈት ሚኒስትርነት ለጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ተሰጠ፤ የንጉሠ ነገሥቱንም ዜና መዋዕል የጻፉ እርሳቸው ናቸው። በዚያው በምኒልክ ዘመን የተዠመረው አእምሮ የተባለው ጋዜጣ እንኳ በመዠመሪያ ጊዜ በእጅ እየተጻፈ ለጥቂት ሰዎች ይታደል ነበር።

ከዚያ ወዲህ አዲሱ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትም በ1914 ዓ.ም. እንደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር ተቋቋመ። ጽሕፈት የጥቂቶች ሙያ መሆኑ ቀርቶ የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ ይህም ታላቅ በረከት ነው። ነገር ግን ከበረከቱ ጋራ አንድ ጕድለት መጣ። ልጁ በጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ፊደል መልክ እንዲገለብጥ ይታዘዛል፤ ጣቶቹ ግን እንዴት እንደ ተቀመጡ ብዙ ጊዜ የሚያይለት የለም። በስልሳና በሰባ ተማሪ መካከል የሚቆም መምህር የእያንዳንዱን እጅ ለማቅናት ጊዜ ከየት ያገኛል? ቁም ጸሐፊው ግን ያስተምር የነበረው ለጥቂቶች ነበር።

መሣሪያውም እንደ ገና ተለወጠ። የሃንጋሪው ተወላጅ ላዝሎ ቢሮ በ1938 ዓ.ም. በጫፉ ትንሽ ኳስ የምትንከባለል እስክሪብቶ የፈጠራ መብት አወጣ፤ በ1950 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር ማርሴል ቢሽ ርካሹን ቢክ ለገበያ አቀረበ። ይህ መሣሪያ ቀለም አይረጭም፣ ወደ ላይም ቢገፉት አይነክስም። ነገር ግን ወፍራሙ ቀለም ይወጣ ዘንድ ኳሷ መንከባለል አለባት፤ ለዚህም ከመቃው ይልቅ ቀና ተደርጎ መያዝና ጥቂት መጫን ያስፈልጋል። ጥቂት ለሚያስፈልገው ብዙ የሚሰጥ ሰው ይበዛልና፣ በፈተና ጊዜ የብዙ ተማሪ ሌባ ጣት ጫፏ ነጥቶ ይታያል፤ በመካከለኛው ጣት ላይም ቈዳው ጠጥሮ ይገኛል። ወረቀቱን ገልብጦ በጣቱ የሚዳስስ ሰው ጽሕፈቱ በጀርባው ጐልቶ ካገኘው፣ ከመጠን በላይ መጫኑን ያለ ሐኪም ያውቃል።

እንግዲህ የጸሐፊዎች ልማድና የሐኪሞች ምክር በአንድ ቃል የሚገናኙበት አያያዝ እንዲህ ያለ ነው። ብርዑ በመካከለኛው ጣት ጐን ላይ ያርፋል፤ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ከላይ በቀስታ ይይዙታል፤ ሌባ ጣት ወደ ውስጥ አትሰበርም፣ ጥቂት ቀስት መስላ ትቀመጣለች። ጣቶቹ ከጫፉ ጥቂት ራቅ ይላሉ፤ የብርዑ ጀርባ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ባለው ለስላሳ ስፍራ ላይ ይደገፋል። የቀሩት ሁለቱ ጣቶች ወደ ውስጥ ታጥፈው በወረቀቱ ላይ ይንሸራተታሉ። ክንድ በገበታው ላይ ዐርፎ ከጽሕፈቱ ጋራ ይሄዳል፤ ወረቀቱም ለቀኝ እጅ ሰው ወደ ግራ፣ ለግራኝ ደግሞ ወደ ቀኝ ጥቂት ዘንበል ይላል። ሆኖም ይህ ሥርዐት እንደ ሕግ ሊጠብቅ አይገባም። የካናዳ ተመራማሪዎች በ2012 ዓ.ም. ባወጡት ምርመራ፣ በሦስት ጣት የሚይዙ ልጆችና አራተኛውን ጣት የሚጨምሩ ልጆች በፍጥነትም ሆነ በጽሕፈታቸው መነበብ ልዩነት አልተገኘባቸውም። ስለዚህ ልጅን ስለ ጣቶቹ ቍጥር ከመቈጣት ይልቅ፣ ስንት ኀይል እንደሚያወጣና መቼ እንደሚያርፍ ማስተዋል ይሻላል።

ዛሬ በስልክና በኮምፒውተር መጻፍ እየበዛ ሄዶ ብርዕ ከብዙ ሰዎች እጅ እየወጣ ነው። ስለ ብራና መጻሕፍት የተደረገው ጥንቃቄ ትልቅ ነው። በ1973 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተዠመረው የማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 የሚበልጡ ብራናዎችን በፎቶግራፍ አነሣ፤ ሊቁ ሥርግው ሀብለ ሥላሴም በ1981 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ የኢትዮጵያን መጽሐፍ አሠራር ገለጡ። ይሁን እንጂ ፎቶግራፍ የሚያሳየው የተጻፈውን ነው፤ የጻፈችው እጅ ምን ያኽል ቀላ እንደ ነበረች፣ የት ላይ እንዳረፈች፣ ብርዑን ስንት ጊዜ እንደ ቀረጸች ከገጹ ላይ ማንበብ ይቸግራል። ይህን የሚያውቁት ዛሬም በየገዳሙና በየደብሩ ብራና በጕልበታቸው ይዘው የሚጽፉ ጥቂት ቁም ጸሐፊዎች ናቸው። ከእነርሱ አንዱ ደቀ መዝሙር ሳያፈራ ሲሞት፣ የጻፋቸው መጻሕፍት በዕቃ ቤት ይቀራሉ፤ አያያዙ ግን ከእርሱ ጋራ ይቀበራል።

ስለዚህ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት የሚልክ የከተማ ሰው አንድ ቀን ከአጠገቡ ተቀምጦ የልጁን እጅ ቢመለከት፣ የተጨበጠችውንም ጣት በቀስታ ቢፈታለት፣ የራማዚኒ ውል ጸሐፊ ያላገኘውን ምክር ሰጠው ማለት ነው። የደብር አለቃም ከተማሪዎቹ አንዱን ወደ ሽማግሌው ጸሐፊ ልኮ መቃ መቅረጽን እንዲያይ ቢያደርግ፣ አንድ መጽሐፍ ካስጻፈ ሰው የሚያንስ ሥራ አልሠራም። እጅ የሚማረው ከእጅ ነውና፣ የሚያሳየው ሰው በሕይወት ሳለ ሄዶ ማየት ያስፈልጋል።